የቀለለው ከረጢት

በኛ አገር ማመስገን የራሱ ሹም አለው። ውለታ የተዋለለት ሰው እሹሙ ዘንድ ሄዶ ተራ ይይዛል፤ ከዚያ እቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ የምስጋና ሹሙ ካባውን ደርቦ ይመጣና በባለውለታው ደጃፍ ቆሞ በተገቢው ቃልና በተገቢው ድምፅ ያመሰግንለታል። እኛ ራሳችን አናመሰግንም። አፋችን አልሠለጠነምና ነገሩን እናበላሸዋለን ተብሎ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ምስጋና ለማድረስ ብዬ ስጀምር ደንብ እየተላለፍኩ መሆኔን አላጣሁትም። ግን ምን ላድርግ፤ ልቤ ሞልቷል፣ ሹሙ ዘንድ የያዝሁት ተራ ደግሞ ተሰርዟል። እንዴት እንደተሰረዘ ልንገራችሁ።

ከተማችን የተቆረቆረችው ሜዳ ላይ ነው። በጋው ሲጠና ከምሥራቅ የሚነሣ ነፋስ የሜዳውን አቧራ ተሸክሞ ይመጣል፤ በበር ሥር፣ በመስኮት ስንጥቅ፣ በቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል። ጠዋት በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ከምሳ በፊት በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። በዚህ የተነሣ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ቫኪዩም፣ የሌለበት ቤት የለም። አዲስ ተጋቢዎች አልጋ ሳይገዙ ቫኪዩም ይገዛሉ፤ ማንም አይስቅባቸውም።

ነፋሱ ሊያበቃ ሲል የሚዛን በዓል ይከበራል። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤት የቫኪዩሙን ከረጢት ከነአቧራው ይዞ አደባባይ ይወጣል፣ የሚዛን ሹሙም በየተራ ይመዝናል፤ የተመዘነውንም አቧራ ይረከባል። ከረጢቱ ከሁሉ የከበደለት ቤት የከተማው ንጹሕ ቤት ተብሎ ቀይ ሪባን ይሸለማል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ብዙ አቧራ የሰበሰበ ቤት ብዙ አጽድቷል። ከበዓሉ በፊት ከረጢቱን የደፋ ሰው ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም ነበር። የዓመት ልፋቱን በገዛ እጁ ማን ይደፋል?

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በነበረው በዓል ሪባኑን የወሰደው የኛ ቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ በኛ ከረጢት ደረቱን ነፍቶ ከረመ። ሪባኑን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለነው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ከወዲያኛው ሰፈር የመጣ ቅናተኛ ሰርቆት ነው ተባለና የሰፈራችን ሰዎች ከወዲያኛው ሰፈር ሰዎች ጋር ሰላምታ አቆሙ።

አሁን ወደ እማማ ተዋቡ ልምጣ። እማማ ተዋቡ የባለቤቴ የብርነሽ እናት፣ የኔ አማት ናቸው። ሥራዬ የበር ማጠፊያ ዘይት መቀባት ነው። ብርነሽን ለማግባት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ዘመዶቿ «ዘይት ቀቢ!» ብለው አፍንጫቸውን ነፉብኝ። እማማ ተዋቡ ብቻ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «በራችሁ ሲንቋቋ ማንን ልትጠሩ ነው?» አሉ። ጉዳዩ በዚያው አለቀ። ለዚህ ውለታቸው በማግሥቱ ሄጄ የምስጋና ሹሙ ዘንድ ተራ ያዝሁ። ተራዬ ሳይደርስ ልጆቼ ተወልደው፣ አድገው፣ ትምህርት ቤት ገቡ። እማማም ከኛ ጋር መኖር ጀምረው ልጆቹን በእቅፋቸው አሳደጉ። ለዚያም ሌላ ተራ ያዝሁ።

እማማ አስም አለባቸው። ቫኪዩሙ ደህና ሲሠራ ደህና ናቸው፤ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ልጆቹን ይቆጣሉ፣ በኔ ደግሞ ያሾፋሉ። ሪባኑን በወሰድን በዓመቱ ግን በዓሉ ሲቃረብ ቫኪዩሙ ይጮኻል እንጂ አይስብም። ምንጣፉ ላይ የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ በላዩ ሲያልፍበት ንቅንቅ አይልም። እማማ ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ማደር ጀመሩ። ሐኪሙ መጣ፣ ደረታቸውን መረመረ፣ ከዚያ በጣቱ የመስኮቱን ደፍ ዳብሶ ጣቱን አየ።

«ወይ አቧራው ከዚህ ቤት ይውጣ፣ ወይ እሳቸው ይውጡ» አለ።

የእማማ ወንድ ልጅ የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነው፣ አቧራ በሌለበት። ግን መንገዱ እጅግ ሩቅ ስለሆነ በዚያ ዕድሜ የሄደ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ። በማግሥቱ ከሥራ ስገባ ልብሳቸውን በነጠላ እየቋጠሩ አገኘኋቸው።  

ወዲያው አድማጩን ጠራሁ። በኛ አገር የማሽን ጤንነት የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ ለዚህም አድማጭ የሚባል ባለሙያ ተመድቧል። አድማጩ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከና ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጠፈ። ሶኬቱን ሰካሁ። ቫኪዩሙ የአምናውን ድምፅ እጥፍ አድርጎ አንባረቀ፤ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሮጡ። አድማጩ ፊቱ በራ።

«እንኳን ደስ አላችሁ! እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ።»

«አይስብም እኮ ጌታዬ።»

«መሳቡን እኔ ምን አውቄ? የኔ ሥራ ድምፅ ነው። እስቲ አስበው፤ እንዲህ የሚጮህ ማሽን ደክሟል ብል ሰው ምን ይለኛል?»

በዚህ መሀል እማማ ከወዲያኛው ክፍል ሳሉ፤ ረጅም፣ ውስጥን የሚያንገበግብ ሳል። አድማጩ ጆሮውን አቀና።

«የሳቸውም ድምፅ ጠንካራ ነው» አለና ኮቱን ለብሶ ሄደ።

ቀጥሎ የምስጋና ሹሙ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ማሽን ደከመ ሲባል መምጣት ግዴታው ነው። ማሽን የሚደክመው ምስጋና ሲያንሰው ነው ይላል ደንቡ። በር ላይ ሳገኘው ስለ ተራዬ ጠየቅሁት።

«ያንተ ሰልፍ ላይ ነው፤ ታገሥ። ለማሽን ግን ሰልፍ የለም» አለኝ።

ቫኪዩሙን ሳሎን መካከል አስቀመጥንለት። ሹሙ ካባውን አስተካክሎ ከጠዋት እስከ ምሳ አመሰገነው። ምንጣፍ የማይረሳህ፣ ወለል የሚመሰክርልህ፣ ማዕዘን ሁሉ በስምህ የሚምል እያለ። በየመካከሉ አቧራው ጉሮሮውን እየያዘው ይስላል፤ እኛም እየሳልን እንሰማለን። ሲጨርስ ላዩን በዘይት ወልውለን የተጠለፈ ጨርቅ እንድናለብሰው አዘዘ። ወለወልነው። ፊቴን እንደ መስታወት ያሳየኝ ጀመር። ሶኬቱን ስሰካው ጮኸ፤ ፍርፋሪዋም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሹሙ ከሄደ በኋላ እማማ ከክፍላቸው በግድግዳው እየተደገፉ ወጡ።

«እስቲ ያንን ማሽን ወደኔ አምጣው» አሉ።

አመጣሁላቸው። ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈቱና የቱቦው አፍ ላይ አደረጉት። አስነሣሁት። ሻሹ ምንም ሳይሆን ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን በኋላው በኩል፣ አየር የሚወጣበት ጋ አስጠጉ። እዚያ ደህና ጊዜ ሙቅ ነፋስ ይወጣ ነበር። አሁን እፍ የሚል ነገር የለም። እማማ መናገር እስኪችሉ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን የያዘው የኔው በሽታ ነው» አሉኝ። «ሰው አስም ሲባል አየር ማስገባት ያቃተን ይመስለዋል። የሚያቅተንስ ማስወጣቱ ነው። ውስጥ ያለው አልወጣም ብሎ ቦታውን ሲይዝ አዲሱ የት ይግባ? እኔ ሲያፍነኝ መጀመሪያ የምታገለው ቀስ አድርጌ ለማስወጣት ነው።»

ክዳኑን ከፈትሁ። ከረጢቱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። በጣቴ ብነካው ድም አለ። ብርነሽ በትከሻዬ በኩል አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ልትደፋው?» አለች በሹክሹክታ። «ከበዓሉ በፊት?»

«እኔ ድፉት አላልሁም!» አሉ እማማ ፈጥነው። «በኔ የተነሣ አደባባይ ላይ አትዋረዱም። እኔ ወደ ልጄ እሄዳለሁ። ሐይቅ ዳር ዓሣ እንደ ልብ ነው ይባላል።»

«እማማ፣ እርስዎ ዓሣ አይወዱም።»

«እለምዳለኋ!» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ በኛ ሰፈር ወሬ በር አያንኳኳም። የሰፈራችን አለቃ አቶ ሽመክት ነጠላ ጫማቸውን እንደተጫሙ እየሮጡ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው በራሳቸው ቤት አቧራ ቀልቶ ያለቅሳል፤ በየመካከሉ በመሐረብ ይጠርጉታል።

«ውሸት ነው በለኝ!» አሉኝ። «የሰፈሩን ክብር ልትደፋው ነው? ዘንድሮም እኮ ሪባኑ የኛ ነው፤ ከረጢትህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል!»

«አቶ ሽመክት፣ እማማ እኮ መተንፈስ አቃታቸው።»

«አዝናለሁ፤ በጣም አዝናለሁ። ግን አስብ እንጂ። እሳቸው ለጊዜው ወደ ልጃቸው ቢሄዱ ሲሻላቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ከረጢት ግን አንዴ ከተደፋ ተደፋ ነው!»

ይህን ሲሉ የእማማ ልብስ የተቋጠረበት ነጠላ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እኔ የማውቀው ነገር ቢኖር በር ነው፤ የትኛው በር ሲዘጋ ተመልሶ እንደማይከፈት አያለሁ። ከረጢቱን በሁለት እጄ አቅፌ በአቶ ሽመክት አጠገብ አልፌ ወደ ጓሮ ወጣሁ። 

ጓሮ ከደረስሁ በኋላ ግን ግራ ገባኝ። በከተማችን በገዛ እጁ አቧራ የደፋ ሰው ስለሌለ የአቧራ መድፊያ ቦታም የለም። ከጎመኑ መደብ ጥግ ጉድጓድ ቆፈርሁ፣ ነፋስ እንዳይበትነው ውኃ አርከፈከፍሁበትና ከረጢቱን ገለበጥሁት። ዓመት ሙሉ የለፋንበት ክብር ግራጫ ጭቃ ሆኖ ወደቀ። አፈር መለስሁበት። አቶ ሽመክት በአጥሩ በኩል ሲያዩ ቆይተው ባርኔጣ እንደሌላቸው ረስተው ባርኔጣቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ።

ተመልሼ ገባሁ፣ ከረጢቱን አራግፌ አስገባሁት፣ አስነሣሁት። እማማ ሻሻቸውን አስጠጉ። ሻሹ ትንሽ ተርገበገበና ወደቀ።

ብርነሽ ከቆመችበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።  ሪባኑን አጣን፣ ሰፈሩን አስቀየምን፣ ቫኪዩሙም ያው ነው። እማማ ብቻ አልደነገጡም።

«ትንሽ ተንፍሷል» አሉ። «ሆዱ ተከፍቷል፤ አሁን ጉሮሮውን እዩ።»

ቱቦውን ነቀልሁና አንዱን ጫፍ ወደ መስኮቱ አቅንቼ በሌላው አየሁ። ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። የመጥረጊያ እንጨት ከትቼ ገፋሁ፤ ጥምዝ ያለው ቦታ ላይ አንድ ነገር ያዘው። ብርነሽ ቱቦውን ያዘችልኝ፣ እኔ ገፋሁ። በመጨረሻ ፈንጠር ብሎ የወጣው ነገር በፀጉርና በክር የተተበተበ ቀይ ጨርቅ ነበር። ዘረጋሁት። የከተማው ንጹሕ ቤት ተብለን የተሸለምነው ሪባን ነው። ከግድግዳው ወድቆ፣ ቫኪዩሙ ውጦት፣ ዓመቱን ሙሉ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ከርሟል።

 ብርነሽ የወዲያኛውን ሰፈር ሰዎች ሰላም ማለት እንዳለብን በለሆሳስ ተናገረች።

ማጣሪያውንም አወጣን። እሱ ደግሞ አቧራው ተጋግሮበት እንደ ቆዳ ሆኗል። አጠብነው። እኔ እርጥቡን ልመልሰው ስል ብርነሽ እጄን መታችኝ፤ «ሞተሩን ልትገድለው ነው? ጥላ ላይ ይዋል» አለች። ዋለ፣ አደረም። ያንን ቀን ያሳለፍሁት ማጣሪያውን እየዳበስሁ ነው።

በማግሥቱ ሁሉን በየቦታው መልሰን ሶኬቱን ሰካሁ። ቫኪዩሙ አልጮኸም። ድምፁ ዝቅ ብሎ እንደሚያጉረመርም ድመት ሆነ። ሞተ ብዬ ላጠፋው ስል እማማ ሻሻቸውን አስጠጉ፤ ሻሹ ከእጃቸው ተነጥቆ ግማሹ ቱቦው ውስጥ ገባ። እማማ በሁለት እጃቸው ጎተቱት።

«ስጠኝ እንጂ! አንተ ሌባ፣ ሻሼን ስጠኝ!»

ሳቁ። ሲስቁ መሀል ላይ ሳል ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁላችንም ጠበቅን። አልመጣም። ብርነሽ ወለሉን፣ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን፣ የመስኮቱን ደፍ ስትስብበት ዋለች፤ የቤታችንን የገዛ ቀለም ካየን ቆይቶ ነበርና ምንጣፉ አረንጓዴ መሆኑን ልጆቹ ያን ቀን አወቁ። አድማጩ በደጅ ሲያልፍ ቆሞ ጆሮውን ሰጠ፤ ድምፅ ሲያጣ ነፍስ ይማር ብሎ አለፈ።

በዓሉ ደረሰ። ሕዝቡ የተወጠረ ከረጢቱን ታቅፎ እየሳለ አደባባዩን ሞላው። እኛ ተራችን ሲደርስ የሚዛን ሹሙ ከረጢታችንን ሰቀለ፤ የሚዛኑ ቀስት ንቅንቅ አላለም። ሹሙ ሚዛኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና አየኝ። ከዚያ ከልብ ባዘነ ድምፅ ቤታችን የከተማው ቆሻሻ ቤት መሆኑን አወጀ። አቶ ሽመክት አንገታቸውን ደፉ። እማማ ክንዴን ይዘው ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማይስሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ልብ ያለው ግን አልነበረም፤ ሳል ሲሰማ እንጂ ሳይሰማ ማን ልብ ይላል።

ቅጣቱ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የምስጋና ሹሙ እስከሚቀጥለው በዓል በኛ ስም ለማንም እንዳያመሰግን፣ የያዝናቸው ተራዎችም እንዲሰረዙ ነው። ሁለተኛው የሐዘኔታ ጠረጋ ይባላል፤ ጎረቤቶች መጥረጊያ ይዘው እየመጡ ለቆሻሻው ቤት ያዝናሉ፣ ይጠርጋሉ።

መጀመሪያ አቶ ሽመክት መጡ። መጥረጊያቸውን ወለሉ ላይ አስኬዱ፤ የሚጠረግ ነገር አላገኙም። አንድ ጊዜ ደግመው አስኬዱና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን በረጅሙ ሳቡ፣ በረጅሙ አስወጡ። ዓይናቸው ማልቀሱን ተወ።

«ወንበራችሁ ይመቻል» አሉ። ሊመሽ ሲል ነው የተነሡት።

በማግሥቱም መጡ። ገና በደንብ አላዘንኩላችሁም አሉ። ከዚያ ሌሎችም እንዲሁ እያሉ መጡ። አድማጩ እንኳ መጥቶ ለሟቹ ማሽን ላልቅስ ብሎ ተቀመጠና እንቅልፍ ወሰደው፤ ሳያንኮራፋ ተኛ። ስለ ከረጢቱ የጠየቀን ሰው የለም፣ እኛም አልተናገርንም። ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ በየጓሮው አካፋ ሲሠራ ይሰማ ጀመር። ምን ትቆፍራላችሁ ስንል ጎመን ልንተክል ነው ይላሉ። ያን ዓመት በከተማችን የተተከለው ጎመን ብዛት ጉድ ነው።

በሚቀጥለው የሚዛን በዓል የሁሉም ከረጢት ተሰቀለ፤ በአንዱም ቀስቱ አልተነቃነቀም። የሚዛን ሹሙ ለረጅም ጊዜ አሰበና ሚዛኑ ደክሟል ሲል አስታወቀ። የምስጋና ሹሙ ተጠርቶ ሚዛኑን ያመሰግን ጀመር። የሚስል ሰው ስላልነበረ ንግግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በግልጽ ተሰማ። ብዙ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

ይህን ሁሉ የነገርኋችሁ አንዲት ጠዋት ላይ ለመድረስ ነው። ቅጣቱ በታወጀ ማግሥት ነበር። እማማ ያንን በነጠላ የተቋጠረ ልብስ ፈትተው አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሳሉ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ተራዬ ተሰርዟል፤ ልጃቸውን ሲሰጡኝ የያዝሁትም፣ ልጆቼን ሲያሳድጉልኝ የያዝሁትም። ከእንግዲህ ካባ ለብሶ የሚናገርልኝ የለም። ጉሮሮዬ ላይ ያለው ነገር ግን አልወርድ አልወጣ ብሎ ይዞኛል፤ የቱቦው ጥምዝ ትዝ አለኝ።

«እማማ» አልሁ። «ያኔ... ዘመዶችዎ ሲስቁብኝ... እርስዎ...» ድምፄ ተቆረጠ። ባልሠለጠነ አፌ ነገሩን አበላሸሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ።

እማማ የያዙትን ቀሚስ አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ አላዩኝም። አስቀየምኋቸው ብዬ ልወጣ ስል ዞር አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አብሮ ይስጠን፣ ልጄ» አሉ። ከዚያም ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ፣ በአንድ ረጅም ትንፋሽ፣ «እኔም እኮ ልጄን ካገባህበት ቀን ጀምሮ አንተን ላስመሰግን ተራ ይዤ ነበር» አሉኝ።